ጨዋ ያስባለኝ በሽታ

ታምሜ በነበርኩበት ጊዜ የተመሰገንኩትን ያህል በሕይወቴ ተመስግኜ አላውቅም። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛውም ጌጤ ሰከነች፣ ጌጤ ጨዋ ሆነች ይል ነበር። ይህን የምጽፈው ከእናንተ መካከል እንደኔ እየተመሰገነች ውስጧ ባዶ የሆነባት ካለች ወይም እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ካለ፣ ከእኛ ቤት ቀድማችሁ እንድትነቁ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባለቤቴ ለሚ እዚያው ከሱቄ ጎን የብረት በርና መስኮት ይበይዳል። እሱ ዝምተኛ ነው፤ የማሽኑ ጩኸት ይበቃዋል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። የተጣመመ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። መንገድ ላይ የማላውቀው ልጅ ኮሌታው ተገልብጦ ካየሁ አስቁሜ አስተካክልለታለሁ። የታክሲ ረዳት ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሲጨምር እስክወርድ ድረስ እሟገተዋለሁ። አማቴ ከሱሉልታ ወተት ይዘውልን ሲመጡ አንድ ጊዜ ፉት እልና "ውኃ አለው" እላቸዋለሁ። እሳቸውም የላሞቻቸውን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ይሟገቱኛል። ወተቱ ውኃ ኖሮት አያውቅም። ይህ ጭቅጭቅ በእኔና በእሳቸው መካከል የሰላምታ ያህል ነበር።

ሕመሙ በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ የምግብ ጣዕም ጠፋኝ። ቀጥሎ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ ጣሪያው ላይ አፈጥጣለሁ፣ ልቤም ያለ ምክንያት ይፈራል። ከዚያ መቀስ ማንሳት እንኳ ከበደኝ፣ ሰማያዊውም ቡኒውም ጨርቅ አንድ መሰለኝ። በመጨረሻ አፌ ዝም አለ። የሚያናድደኝ ነገር ጠፋ። ሰው የሚናደደው ለካ የሚጠብቀው ነገር ሲኖር ነው፤ እኔ ከማንም ምንም አልጠብቅም ነበር። ረዳቱ አራተኛ ሰው ሲጭን ዝም ብዬ ጠጋ እላለሁ። ለሚ ምሳ ይቅረብ ሲል እሺ፣ ይቆይ ሲል እሺ። አማቴ ወተት ሲያመጡ ጉልበታቸውን ስሜ፣ አመስግኜ አስቀምጣለሁ። እሳቸውም ለልጃቸው አሁን ገና ሚስት አገኘህ አሉት።

ሐኪም ቤት አልሄደችም አይባልም። ቀሚሴ ሁሉ ሲሰፋኝ ለሚ ደንግጦ ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰደኝ፤ ታይፎይድ ነው ተባለ። የታይፎይዱን መድኃኒት ዋጥኩ። ሌላው ጨጓራ ነው አለ፣ ሌላው ደም ማነስ፤ ደግሞ አንዱ አንገቴን ዳብሶ እንቅርት ጠረጠረና ደም አስመረመረኝ። ማንንም አልወቅስም። ምን ይሰማሻል ስባል "ድካም" ከማለት በቀር የምጨምረው ቃል አልነበረኝም። መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ስቀመጥ እቸኩላለሁ የሚለኝን ሁሉ አሳልፋለሁ። አንድ ቀን ለሚ እቃ ገዝቶ ሲመለስ በሽተኛው ሁሉ ታክሞ ሄዶ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እያጠበች፣ እኔ ተራዬን ለሰው ሰጥቼ ስጨርስ ብቻዬን ተቀምጬ አገኘኝ። ልብሽ እንዴት ደግ ሆነ አለኝ። እኔ ግን ደግ ሆኜ ሳይሆን ተራዬ ደረሰ አልደረሰ ግድ ስላልነበረኝ ነው።

ጠበልም ገባሁ። እዚያ ያገኘኋቸውን አንዲት መነኩሴ አልረሳቸውም፤ ፎጣዬን በየቀኑ ፀሐይ ላይ አሙቀው ትከሻዬ ላይ ጣል ያደርጉልኝ ነበር። ስሄድ፣ ጸሎቱን ሳትተዪ የአእምሮ ሐኪምም እንዲያይሽ ለባልሽ ንገሪው አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በሽታዬን ያወቀችው ታናሽ እህቴ አስካለ ናት። ሰበታ አበባ እርሻ ውስጥ ትሠራለች፤ እሷም እንደኔ አፏን የማታሳርፍ ናት። አንድ እሑድ ልትጠይቀኝ መጣችና ሱቁ ውስጥ የተሰቀለውን ሸሚዝ አንስታ ይሄን ማን ሰፋው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። የግራ እጅጌው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ነበር የገባው። አሳየችኝ። "እሺ" አልኩና ወደ ቤት ገባሁ።

ምሳ ላይ አማቴም ነበሩ። እንደተለመደው ስለ እኔ ጨዋነት ወሬ ተነሳ። አስካለ የጠቀለለችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰችው።

"እህቴ ጨዋ ሆና አታውቅም" አለች። "ታማለች።"

ለሚ ወደኔ ዞሮ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት ለካ እሱም አላየኝም ነበር።

አስካለ ፈቃድ ወስዳ አዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ወሰደችኝ። ለሚ ሰው ምን ይለናል ብሎ በሩቁ ሲንገዋለል ቆይቶ በኋላ ተከትሎን ገባ። ያየችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ብዙ ከጠየቀችኝ በኋላ እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፤ መኖር ይደክምዎታል ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ያንን ቃል ሳወጣ አስካለ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ለሚ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ይህን የምታነቡና እንደኔ የሚደክማችሁ ካላችሁ፣ አዎ በሉ። አዎ ካልኩ በኋላ ነው ሰው ሁሉ ከጎኔ የቆመው።

የሕመሜ ስም ድባቴ ነበር። ስንፍና እንዳልሆነ፣ የእምነት ማነስም እንዳልሆነ ሐኪሟ ለሚ ፊት ደጋግማ ነገረችን። የመጀመሪያውን ክኒን ለወራት ዋጥኩ፤ አፌን ከማድረቅ በቀር አልረዳኝም። ሁለተኛው ደግሞ አወፈረኝ። ለሚ እየበየደ፣ እየመጣ ሽሮ እያሳረረ፣ እኔን እያመላለሰ ከሳ፤ ሁለተኛዋን የስፌት መኪናዬንም ሸጥናት። ሁለት መድኃኒት በበቂ መጠንና ጊዜ ተወስዶ ካልሠራ፣ ለመድኃኒት አልበገር ያለ ድባቴ እንደሚባል ሐኪሟ አስረዳችኝ። በዕድሜዬ ሙሉ እልኸኛ ስባል ኖሬ የበለጠ እልኸኛ ገጠመኝ።

ያኔ ነው ስለ ጥናቱ የነገረችኝ። እስካሁን የዋጥኳቸው መድኃኒቶች ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ አዲሱ ግን ከሠራ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በደም ሥር፣ ቀስ ተብሎ፣ ሐኪም ባለበት ብቻ ይሰጣል። ነገር ግን ገና በሙከራ ላይ ነው፤ ላይሠራም፣ ሊጎዳም ይችላል። ደግሞም ግማሹ ሰው አዲሱን ሲያገኝ ግማሹ ለማነጻጸሪያ ሌላ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያገኛል፤ ለማን የትኛው እንደደረሰው በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቅም። ሁሉንም ረጋ ብላ አስረድታኝ ስትጨርስ ፈቃደኛ ነዎት ወይ አለችኝ።

"እሺ" አልኩ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ወይዘሮ ጌጤ፣ እርስዎ ለሁሉም ነገር እሺ ነው የሚሉት። እምቢ ማለት እንደሚችሉ ሳላውቅ አላስገባዎትም። ቤት ይሂዱና አንድ ጥያቄ ይዘውልኝ ይምጡ" አለችኝ።

አንድ ጥያቄ። ድሮ እኔን ጥያቄ ለማስቆም ነበር ሰው የሚቸገረው። ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ አንዲት ጥያቄ ፈለግሁ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድም አልነበረም። አማቴ ወሬውን ሰምተው ከሱሉልታ ከች አሉ። ለላሞቼ እንኳ በጎረቤት ላም ሳይሞከር አዲስ መርፌ አላስወጋም፣ እንዴት ልጄን መሞከሪያ ታደርጓታላችሁ ብለው ለሚን አስጨነቁት። አስካለ በስልክ እንግዲህ ጌጤ የጎረቤት ላም ትሁና አለች። ሁሉም ይከራከራል፤ እኔ ለሁለቱም ወገን እሺ እላለሁ። ታክሲ ውስጥ ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ ለሚ በቀስታ፣ ገብተሽ መሃል ላይ ቢበቃሽስ አለኝ። ያቺን ጥያቄ ከባሌ ተውሼ ለሐኪሟ አቀረብኳት። በፈለጉት ቀን፣ ምክንያት ሳይሰጡ ማቆም ይችላሉ፣ ሌላው ሕክምናዎም አይቋረጥም አለችኝ። የተዋስኳት መሆኗን ስነግራት ሳቀች። ከዚያ የገባኝን በራሴ አፍ መልሼ እንድነግራት አደረገችኝና ፈረምኩ።

ደንቡ ይህ ነው፦ የሚያጅብሽ ሰው ይኑር፣ ከሕክምናው በኋላ እስከ ማግስቱ ድረስ መኪና አትንጂ፣ የስፌት መኪናም መቀስም አትንኪ። ነርሷ ግፊቴን እየለካች መድኃኒቱን ለቀቀችልኝ። ትንሽ ቆይቶ ጣሪያው ወደ ላይ የራቀ መሰለኝ፤ የለሚ ድምፅ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስል ነበር፤ እግሬም የት እንዳለ ጠፋኝ። ፈራሁና እግሬ አለ ወይ ብዬ ነርሷን ጠየቅኳት። ነርሷ አውራ ጣቶቼን በየተራ ያዝ አድርጋ፣ ሁለቱም በቦታቸው አሉ አለችኝ። ከዚህ በኋላ እየደጋገምኩ ጠየቅኳት፤ አንድም ጊዜ ሳትሰለች እየያዘች አሳየችኝ። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዳቦና ሻይ ሰጡኝና አረፍ ብዬ፣ ሐኪሟ ካየችኝ በኋላ ወደ ቤት ሄድን። ማግስቱን በደንብ ተኝቼ ከመነሳቴ በቀር ምንም አዲስ ነገር አልነበረም። የደረሰኝ ማነጻጸሪያው ነው ብዬ ደመደምኩ፤ አላዘንኩምም።

ነገሩ የተለወጠው ከሁለተኛው ሕክምና ማግስት ጠዋት ነው። የጓዳችንን በር የሠራው ለሚ ራሱ ነው። በታመምኩበት ሰሞን ገጠመው፤ ዝቅ ብሎ ስለተገጠመ በተከፈተ ቁጥር ሲሚንቶውን ይፈጫል። ያን ጠዋት ለሚ ሻዩን ይዞ ከጓዳ ሲወጣ በሩ ክርርር አለ። ያ ድምፅ ዓመት ሙሉ የነበረ ነው፤ ያን ቀን ግን ጥርሴን አንገጫገጨኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ለሰው ሁሉ በር እየሠራህ የራስህ በር መሬት ሲፈጭ አታፍርም?" አልኩት።

ለሚ ባለበት ቆመ። ሻዩ እጁ ላይ እየፈሰሰ አላወቀውም። ምን አልሽ አለኝ፤ ደገምኩለት፣ ሻዩን ምንጣፉ ላይ ማፍሰሱንም ጨመርኩበት። ዱካ ላይ ተቀመጠና፣ እባክሽ አንድ ጊዜ ድገሚው አለኝ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። እየተናደድኩ ቁርሴን ጎረስኩ፤ ጨው በዝቶበታል። ጨው በዝቶበታል አልኩት፤ ወዲያው ምን እንዳልኩ ገባኝና እንባዬ መጣ። ጨው ቀመስኩ ማለት ነው። የሰው ልጅ በጨው ብዛት እንዲህ ሊደሰት እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሁለታችንም እያለቀስንና እየሳቅን ያንን ጨው የበዛበት ፍርፍር ሙልጭ አድርገን በላነው።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ። የተከማቸ የዓመት ጣጣ ነበረብኝ። የተገላበጠውን እጅጌ ፈትቼ ሰፋሁ፣ ቁም ሣጥኑን፣ መጋረጃውን፣ ግቢውን፣ የለሚን ጢም ሳይቀር አንድ በአንድ ገመገምኩ። ድምፄ አጥር ይሻገራል። ጎረቤት የሚሰማው እንግዲህ ይህ ነው፤ ያቺ ጨዋ ሚስት ከጠዋት እስከ ማታ ባሏን ትቆጣለች፣ ባሏ አንዲት ቃል አይመልስም። ለሚ አንድ ትልቅ ጥፋት ቢያጠፋ ነው ብለው ተስማሙ። ከሌላ ሴት ወልዷል የሚልም ተገኘ።

በእኛ ሰፈር ትዳር ሲናጋ ሽማግሌ ሳይጠራ አይዋልም። የዕድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ቶሎሳ ሁለት አዛውንት ይዘው እሑድ መጡ። ለአማቴም ልከውባቸው ኖሮ እሳቸውም ወተታቸውን እንደያዙ ገቡ። ኦቦ ቶሎሳ በኦሮምኛ መረቁና ወደ አማርኛው ተመልሰው፣ ለሚ ልጄ ምን አጠፋህ አሉ። ምንም አለ። ታዲያ ለምን ትቆጣሃለች አሉት። በሩ ጠማማ ስለሆነ ነው አለ። ከአዛውንቶቹ አንዱ ተነሥተው በሩን ከፈቱት፤ ሲሚንቶውን ፈጨው። ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት፣ እውነቷን ነው ብለው ተቀመጡ።

"አባቶቼ፣ እባካችሁ አታስታርቁን" አለ ለሚ። "ይህቺን ሴትዮ ካጣኋት ቆይቻለሁ። መቆጣት የጀመረችው ገና በዚህ ሳምንት ነው።"

ዝምተኛው ባሌ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አማቴ ግን ማልቀስ ጀመሩ። ልጄን በመርፌ አሳበዷት አሉ፤ ይህ የሙከራ ነገር ዛሬውኑ ይቁም ብለው ሽማግሌዎቹን ለመኑ። ሕክምናዬ ገና አላለቀም ነበር፤ ሐኪሟም ለውጡ እንዲጸና ቀሪዎቹን መከታተል እንዳለብኝ ነግራኛለች። ኦቦ ቶሎሳ ትንሽ አሰቡና ወደኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ስለ እኛ ሽበት ብለሽ ይሄን ነገር ተዪው። እሺ በዪን" አሉኝ።

ሽማግሌ ሽበቱን ይዞ ሲለምን እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። እሺ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች፤ ስንት ጊዜ ስላት ኖሬአለሁ፣ ራሷ ልትወጣ ደረሰች። ብላት ሁሉም መርቆኝ፣ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ እኔም ወደዚያ ጣሪያ እመለሳለሁ። ተነሥቼ ቆምኩ።

"አይሆንም፣ አባባ" አልኩ። "አልተወውም።"

አማቴ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ካመጡት ወተት በኩባያ ቀዱና በሁለት እጃቸው ይዘው ወደኔ መጡ። ዓይን ዓይኔን እያዩ ቅመሺ አሉኝ። ምን እየጠየቁኝ እንደሆነ እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ መካከል እኔና እሳቸው ብቻ ነን ያወቅነው። ፉት አልኩ። ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ የዚያን ጠዋት ወተት ነበር።

"ውኃ አለው" አልኳቸው።

ፊታቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ተፈታ። "ቡሬን ነው? ቡሬ ውኃ ታልባለች ነው የምትዪው?" አሉና ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቁ ጀመር። አንገቴን አቅፈው ለሽማግሌዎቹ "ጌጤን ዴቢቴ፣ ጌጤን ዴቢቴ" ይላሉ፤ ጌጤ ተመለሰች ማለታቸው ነው። ጆሮዬ ሥር ደግሞ ለእኔ ብቻ፣ ያለ አንቺ ጭቅጭቅ ሱሉልታ ድረስ ጭር ብሎብኝ ነበር አሉኝ።

ኦቦ ቶሎሳ ማንን ከማን እንዳስታረቁ ሳይገባቸው መረቁን። ምሳ በልተው ሲነሡ የካፖርታቸው ጠርዝ ተተርትሮ አየሁና አስወልቄ ሳልሰፋላቸው አልለቀቅኳቸውም።

ቀሪዎቹን ሕክምናዎች ጨረስኩ። ሁሉም ቀላል አልነበረም፤ አንዱ ክፉኛ አዞረኝና አስታወከኝ፣ በሌላው ግፊቴ ከፍ ብሎ ብዙ አቆዩኝ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ያወቅኋት አንዲት የሰበታ ሴት እንደኔ አልሠራላትም፤ ሐኪሞቿ ሌላ መንገድ ጀምረውላታል፣ እሑድ እሑድ እየደወልኩ እጨቀጭቃታለሁ። ስለዚህ ይህን አንብቦ መድኃኒቱን ከየትም ልፈልግ የሚል ቢኖር እቆጣዋለሁ፤ ያለ ሐኪም የሚነካ ነገር አይደለም። የጥናቱ ውጤት ገና አልወጣም፤ የደረሰኝ አዲሱ ይሁን ማነጻጸሪያው አልተነገረኝም። ሐኪሟ እስከዚያ እንዳልገምት መክራኛለች። እምቢ ብዬ እገምታለሁ።

ክኒኔን አሁንም እውጣለሁ፣ በቀጠሮዬም እሄዳለሁ። በክረምቱ መሃል አንድ ሰሞን ድካሙ ሊመለስ ዳድቶት ነበር። ቀድሞ የነቃው ለሚ ነው፤ ጠዋት በጓዳው በር ገብቼ ወጥቼ ምንም ሳልናገር ስቀር አየኝ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ወሰደኝ፣ በጊዜም ተያዘልኝ። በሩን እስካሁን ያላስተካከለው ለዚህ ነው። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ መበየጃው እዚያው ደጃፍ ላይ አለ። እሱ ግን ነገ፣ ነገ ይለኛል፤ ሻዩን ይዞ ይቆምና ስወጣ አፌን ይጠብቃል።

ዛሬም ጠዋት በሩ ፈጨ። ዛሬም ጠዋት ነገርኩት።